ፍራንክሊኒያ፦ ከጫካ ጠፍቶ በሰው ግቢ የተረፈው ዛፍ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለዚህ ዛፍ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊኒያ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

አነስተኛ የአሜሪካ ዛፍ ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሜትር ነው፤ ቦታው ከተመቸው ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ አንዳንዴ ትልቅ ቁጥቋጦ ይመስላል። የሚመደበው ከሻይ ቅጠል ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ውሽውሽና ጉመሮ ላይ የሚለቀመው ሻይ የሩቅ ዘመዱ ነው። የቅርብ ወገን ግን የለውም፤ በራሱ ወገን ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው።

አበባው ነጭ ነው፤ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ መሃሉ ደማቅ ቢጫ ነው። ደስ የሚል ለስላሳ ሽታም አለው። ብዙ የአሜሪካ ዛፎች የሚያብቡት የዚያ አገር ብርዳማ ክረምት እንደወጣ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ባለው ፀደይ ነው። ፍራንክሊኒያ ግን እስከ በጋው ማብቂያ፣ እስከ ነሐሴ ድረስ ይቆያል። ቅዝቃዜው ቀድሞ ከመጣ ቅጠሉ ብርቱካናማና ቀይ ሆኖ፣ ነጩ አበባ እዚያው ላይ ይታያል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ዛፉን አይረሳውም።

"በዱር የለም" ሲባል ጠፍቷል ማለት ነው?

አልጠፋም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት "በዱር የጠፋ" በሚለው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህም ማለት ሰው ሳይተክለው በራሱ የበቀለ አንድም ፍራንክሊኒያ የትም አይታወቅም። በሰው ግቢ፣ በመናፈሻና በዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ግን አለ። ከ1998 እስከ 2000 ድረስ ፊላደልፊያ ያለው፣ ዛፉን ያገኙት የባርትራሞች የአትክልት ስፍራ "ይህ ዛፍ ያላችሁ አሳውቁን" ብሎ ቆጠራ አድርጎ ነበር። ከ2,000 በላይ ዛፎች ተመዘገቡ።

ይህ ቁጥር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ ያሉት ሁሉ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከለቀመው ዘር የመጡ ናቸው ተብሎ ነው የሚታመነው። ያ ሰው ዘሩን ባይለቅም ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የደረቀ ናሙና ብቻ ይሆን ነበር።

ስሙ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ጋር ይገናኛል?

አዎ። በመቶ ዶላሩ ላይ ምስሉ ያለው ፍራንክሊን ነው። ዛፉን ካገኘው ከጆን ባርትራም ጋር ወዳጅ ነበር፤ በ1743 የአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ሲቋቋም ሁለቱም ነበሩበት። ስሙን ያወጣው የጆን ልጅ ዊልያም ነው። በጽሑፍ ያሳተመው ደግሞ ሃምፍሪ ማርሻል የሚባል የቤተሰቡ ዘመድ ነው፤ ይህም በ1785 ሆነ። ሁለተኛው የሳይንስ ስሙ "አላታማሃ" ነው። ዛፉ የተገኘበት፣ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ያለው የአልታማሃ ወንዝ ስም በዚያ ዘመን እንዲህ ይጻፍ ነበር።

በ1969 አሜሪካ የአራት ተክሎችን ቴምብር ስታወጣ ደቡብ ምሥራቁን የወከለው ፍራንክሊኒያ ነበር። ከአካባቢው ጠፍቶ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ማን አገኘው? የት?

ጆን ባርትራም ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነበር። ዕፅዋትን የተማረው በራሱ ጥረት ነው። በ1765 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በዓመት 50 ፓውንድ እየከፈለ የንጉሥ የዕፅዋት አጥኚ አደረገው። በዚያው ዓመት ከልጁ ከዊልያም ጋር ወደ ደቡብ ወረደ። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ በጆርጂያ፣ ፎርት ባሪንግተን የሚባል ምሽግ አጠገብ፣ በአልታማሃ ወንዝ አካባቢ የማያውቁት ዛፍ አዩ። የአበባው ጊዜ አልፎ ስለነበር ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ እንኳን መለየት አልቻሉም።

ዊልያም ግን ዛፉን አልረሳውም። በ1773 ለብቻው ወደ ደቡብ ተመለሰ፤ ወጪውን የሸፈነለት ጆን ፎዘርጊል የተባለ የለንደን ሐኪም ነበር። ጉዞው ዓመታት ፈጀ። በዚህ ጊዜ ዛፉን አብቦ አየው፤ ዘርም ሰበሰበ። በ1777 መጀመሪያ ላይ ፊላደልፊያ አባቱ ቤት ደረሰ። አባትየው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አረፈ። ከዘሩ የበቀሉት ችግኞች ማበብ የጀመሩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጆን ያገኘውን ዛፍ አንድም ቀን አብቦ አላየውም።

ዊልያም በ1791 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር ጽፏል። ከፔንሲልቬንያ እስከ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ ድረስ ሲጓዝ ይህን ዛፍ ከዚያች ቦታ በቀር የትም አላየሁትም ይላል። ቦታዋም ሁለት ወይም ሦስት ኤከር ናት፤ አንድ ሄክታር ገደማ። ሌላ ቦታ ለምን እንደሌለ ለዊልያም እንቆቅልሽ ሆኖበት ነበር። እኔ በበኩሌ ዋናው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። ዛፉ ሲገኝም ብርቅዬ ነበር።

በዱር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?

በ1803። ያየው ጆን ላየን የሚባል ስኮትላንዳዊ ተክል ሰብሳቢ ነው። በዚያን ጊዜ የቀሩት ትልልቅ ዛፎች ከስድስት ወይም ከስምንት አይበልጡም ነበር፤ የያዙትም መሬት ግማሽ ኤከር ያህል ነው። ከዊልያም ጉብኝት በኋላ ባሉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ይህን ያህል ተመናምኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ወንዙን ተከትለው ፈልገውታል። ማንም አላገኘውም።

የት ሄጄ ላየው እችላለሁ? መቼ ነው የሚያብበው?

ፊላደልፊያ ከሆናችሁ ቀላል ነው። የባርትራም ቤተሰብ የአትክልት ስፍራ እስካሁን አለ፤ ከስኩልኪል ወንዝ ዳር፣ በከተማው ደቡብ ምዕራብ። መግቢያው ነፃ ነው። ምዕራብ ፊላደልፊያ ያለው ሐበሻ ከሰፈሩ ብዙም አይርቅም። ቦስተን ላላችሁ ደግሞ አርኖልድ አርቦሬተም የሚባል የዛፎች መናፈሻ አለ። እዚያ ያሉት ሁለት ፍራንክሊኒያዎች በ1905 ከቅርንጫፍ የተባዙ ናቸው። ዝቅ ያሉት ቅርንጫፎች መሬት ነክተው ሥር ስለሰደዱ ቁመታቸውን የሚበልጥ ስፋት ይዘዋል።

ጊዜው ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም ነው፤ አንዳንዴ ውርጭ እስኪጥል ይቀጥላል። የእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ማለት ነው። አበቦቹ በአንድ ጊዜ አይፈነዱም፤ ተራ በተራ ነው የሚከፈቱት። ስለዚህ አንድ ቀን ሄዳችሁ ጥቂት ብቻ ብታዩ ዛፉ ታሟል አትበሉ።

ችግኙን መግዛት ይቻላል? ሕግ አይከለክልም?

ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች ይሸጡታል፤ በፖስታ የሚልኩም አሉ። "ብርቅዬ ከሆነ መግዛት ነውር አይሆንም ወይ?" ብለው የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። ጭንቀቱ ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አያስፈልግም። ከዱር የሚነቀል ዛፍ የለም። የሚሸጠው ሁሉ በሰው እጅ የተባዛ ነው። በየግቢው በተተከለ ቁጥር ዛፉ የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል።

የተከልኩት ደረቀብኝ። ምን አጠፋሁ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ላይ ነው። ፍራንክሊኒያ አፈር ውስጥ የሚኖርና ሥር የሚያበሰብስ ፋይቶፍቶራ የሚባል ፈንገስ መሰል ተባይ አይችልም። ይህ ተባይ ሙቀትና ውሃ ያቆረ አፈር ይወዳል። ሥሩ ሲበሰብስ ዛፉ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ደግሞ "ውሃ ጠምቶት ነው" ብሎ ያጠጣዋል። በዚህ ነው ብዙ ችግኝ የሚሞተው።

መድኃኒቱ ቦታ መረጣ ነው። አፈሩ አሲዳማና ውሃ የማያቁር መሆን አለበት። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙ ግቢዎች ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ ሸክላ አፈር አይስማማውም። እንዲህ ያለ አፈር ካላችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጥሩ አፈር አትሙሉበት፤ ጉድጓዱ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ይሆናል። ይልቅ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጉ። ከተቻለ ትንሽ ተዳፋት ላይ ትከሉ። የጠዋት ፀሐይ ያግኝ። ከሥሩ የጥድ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ አድርጉለት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ዝናብ ሲጠፋ አጠጡት፤ ድርቅም አይወድም። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገብታችሁ እርጥበቱን እዩ።

ሌላው ትልቁ ስህተት ማዛወር ነው። ሥሩ መነካካት አይወድም። ስለዚህ በማሰሮ ውስጥ ያደገ ትንሽ ችግኝ ግዙ፤ አንዴ ከተከላችሁ እዚያው ተዉት። አንዱ የሞተበት ቦታ ላይ ሌላ ፍራንክሊኒያ አትትከሉ፤ ተባዩ አፈሩ ውስጥ ይቆያል።

የሚገርመው፣ ይህ የጆርጂያ ዛፍ ዛሬ የሚመቸው ከጆርጂያ ይልቅ ወደ ሰሜን ነው። በደቡቡ ሙቀትና ወበቅ ውስጥ የሥር በሽታው ይበረታበታል። ፔንሲልቬንያ፣ ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስ ያላችሁ ዕድላችሁ ይሻላል።

ከዘር ማብቀል ይቻላል?

ይቻላል፤ አስደሳችም ነው። ፍሬው ክብና ጠንካራ ነው፤ ለመብሰል ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዘንድሮ አበባ ሲያብብ አምና ያፈራው ፍሬ ገና ዛፉ ላይ ነው። ሲበስል የሚሰነጠቅበት መንገድ የተለየ ነው። ከላይ አምስት ቦታ፣ ከታች አምስት ቦታ ይከፈታል፤ ስንጥቆቹም እየተፈራረቁ ይሄዳሉ።

ዘሩን ሳይደርቅ ቶሎ ዝሩት። ወዲያው ካልዘራችሁት በእርጥብ አሸዋ ይዛችሁ አንድ ወር ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። መብቀሉ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። አበባ ለማየት ዓመታት ይወስዳል። መቸኮል ለሚወድ ሰው በበጋ ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በሥር ማውጫ ሆርሞን ነክሮ መትከል ይሻለዋል። በቅርንጫፍ የተባዛው ግን የእናቱ ቅጂ ነው። ከተቻላችሁ ዘሩን ምረጡ፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቢተከል ይበቅላል?

ፍራንክሊኒያ በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ በክረምት ብርድ የሚያርፍ ዛፍ ነው። ደጋችን ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም እንዲህ ያለ ረጅም ብርድ የለውም። ስለዚህ ይመቸዋል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ። ሌላው ነገር፣ ዘርም ሆነ ችግኝ በሻንጣ ይዞ መግባት አይቻልም። የማስገቢያ ፈቃድና ከተነሳበት አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ይህ ሕግ ማስቸገሪያ እንዳይመስላችሁ። በአፈር ላይ ተጣብቆ የሚመጣ የሥር በሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ነጭ አበባ የናፈቃችሁ ዋንዛ ትከሉ። ክረምቱ ሲወጣ እሱም ነጭ ይለብሳል፤ ደግሞም የራሳችን ነው።

ከዱር ለምን ጠፋ?

አንድ የተረጋገጠ መልስ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነሱት ግን እነዚህ ናቸው። አንደኛው ጥጥ ነው። በ1790ዎቹ የጥጥ መፈልፈያው ማሽን ከመጣ በኋላ የጆርጂያ መሬት በሰፊው ለጥጥ ይመነጠር ጀመር። አልታማሃ የሚፈጠረው ኦኮኒና ኦክማልጊ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ከላይ ወርደው ሲገናኙ ነው። ላይኛው አገር ሲታረስ አፈሩ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ከአፈሩ ጋር የሥር በሽታም ወርዶ ይሆናል ይባላል። ዛፉ ለሥር በሽታ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የተከለው ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ሐሳቡ ያሳምናል። ግን ጊዜውን አስቡት። ላየን በ1803 ሲደርስ ዛፉ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ በላይኛው አገር ደግሞ ጥጥ ገና መስፋፋት መጀመሩ ነው። ጥጥ ብቻውን ጥፋተኛ ነው ማለት ይከብደኛል።

ሁለተኛው ሰብሳቢዎች ናቸው። በዚያ ዘመን የለንደን ሀብታሞች የአሜሪካ ዛፍ በግቢያቸው ለማብቀል ይሽቀዳደሙ ነበር። ከዊልያም በኋላ ሞዝስ ማርሻልና ላየን እዚያ ቦታ ሄደዋል። ቁጥራቸው ትንሽ በሆነ ዛፎች ላይ ጥቂት ጉብኝትም ይከብዳል። ጎርፍና እሳትም ይጠቀሳሉ፤ ለአንድ ሄክታር ጫካ አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃል።

እኔን የሚያሳምነኝ የበረዶ ዘመኑ ማብራሪያ ነው። ዛፉ የሰሜኑን ብርድ ከደቡቡ ሙቀት በተሻለ ይችላል። ምናልባት በጥንቱ የበረዶ ዘመን ብርዱን ሸሽቶ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ዓየሩ ሲሞቅ መመለሻ አጥቶ እዚያው የቀረ ይሆናል። ባርትራሞች ያገኙት የመጨረሻዎቹን ከሆነ፣ ጥጡም ሰብሳቢውም ጎርፉም የጨረሱት አስቀድሞ እየሞተ የነበረውን ነው።

ሁሉም ከአንድ ቦታ ዘር ከመጡ፣ ያ አደጋ የለውም?

አለው። ዛፎቹ በዘር በጣም ይቀራረባሉ። አንድ አዲስ በሽታ ቢመጣ አንዱን የሚገድለው ሌላውንም የመግደል ዕድሉ ሰፊ ነው። ከቅርንጫፍ ብቻ እያባዛን ከሄድን ደግሞ ያለችው ጥቂት ልዩነት እንኳን ትጠባለች። ከላይ ዘሩን ምረጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ፍራንክሊኒያን ከዘመዶቹ ጋር አዳቅለዋል። ጎርዶኒያ ከሚባለው የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ዛፍ ጋር የተዳቀለው ጎርድሊኒያ ተብሏል፤ ከእስያው ሺማ ጋር የተዳቀለው ደግሞ ሺምሊኒያ። ቆንጆ ዛፎች ናቸው። ነገር ግን ድቅሉ ፍራንክሊኒያ አይደለም። ለግቢ ውበት ድቅሉን ትከሉ፤ ዝርያውን ለማዳን ከሆነ ንጹሑን።

ለምን ወደ አልታማሃ ወስደው አይተክሉትም?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከባድ ነው። አንድን ዛፍ ወደ ቦታው ለመመለስ መጀመሪያ ከቦታው ያጠፋውን ማወቅ ያስፈልጋል። የጠፋው በሥር በሽታ ከሆነና በሽታው አሁንም አፈሩ ውስጥ ካለ፣ የሚተከለው ሁሉ ይሞታል። ምክንያቱ የዓየሩ መሞቅ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ያኔ ከነበረው የባሰ ሞቃት ነው። ሌላም አለ። መመለስ ማለት ችግኝ መትከል ብቻ አይደለም። ዛፉ ማንም ሳያጠጣውና ሳያርምለት ዘር ጥሎ፣ ዘሩ በቅሎ፣ ልጁ ደግሞ ማፍራት አለበት። እዚያ እስኪደርስ ድረስ በዱር አለ አይባልም። የግቢ ዛፍ ብቻ ነው፤ ግቢው ሰፋ ማለቱ ነው እንጂ።

አንዳንዶች ወደ ሰሜን፣ የሚመቸው ተራራ ላይ ይተከል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያልነበረበት ጫካ ውስጥ ማስገባት ትክክል አይደለም ብለው ይቃወማሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን እደግፋለሁ፣ በጥናትና በጥንቃቄ ከሆነ። ዛፉ ማንንም ወርሮ አያውቅም፤ በየግቢው እንኳን የሚተርፈው በልመና ነው።

እንዲህ ያሉ ሌሎች ዛፎች አሉ?

አሉ። ቶሮሚሮ አንዱ ነው፤ ቢጫ አበባ ያለው፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የራፓ ኑዊ (የፋሲካ) ደሴት ትንሽ ዛፍ። በደሴቱ ላይ በ1960 አካባቢ ጠፋ። ከመጨረሻው ዛፍ የተለቀመ ዘር ወደ አውሮፓ ተወስዶ ስለነበር ዝርያው ተረፈ። ወደ ደሴቱ ለመመለስ በተደጋጋሚ ተሞክሯል፤ አብዛኞቹ ችግኞች ሞተዋል።

ሌላው በብዙ የአዲስ አበባ ግቢና አጥር ላይ የምታዩት ነው፦ ጥሩምባ የሚመስል ትልቅ አበባ ቁልቁል የሚያንጠለጥለው፣ ሲመሽ ሽታው የሚያውደው ብሩግማንሲያ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሰባቱም ዝርያዎቹ በዱር የጠፉ ተብለው ተመዝግበዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን በቀላሉ ስለሚበቅል ማንም ብርቅ አይለውም። ሁለመናው መርዝ ነው፤ ልጆችና ከብት አያስነኩት።

አንድ ፍራንክሊኒያ ግቢዬ ውስጥ አለኝ። ምን ማድረግ ይጠበቅብኛል?

ከየት እንደገዛችሁት፣ መቼ እንደተከላችሁት፣ ከዘር ይሁን ከቅርንጫፍ ጻፉና አስቀምጡ። ፍሬ ካፈራ ዘሩን ለጎረቤትና ለሚያምር ግቢ ወዳድ ሁሉ ስጡ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ያለ ዛፍ አንድ ዶፍ ይበቃዋል። በአካባቢያችሁ ላለ የዕፅዋት ማዕከልም አሳውቁ፤ መዝገብ የሚይዙ አሉ። ቤቱን ከሸጣችሁ ደግሞ ለገዢው ዛፉ ምን እንደሆነ ንገሩት። ብዙ ፍራንክሊኒያ የሚቆረጠው ባለቤቱ ምን እንደያዘ ሳያውቅ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲያሰፋ ነው።